ራሱን የሚጠግን ግንብና የግንበኛው አደራ

በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የጭቃ ቤቶች ይመረመራሉ። የቤቱ ባለቤት ልስኑ የት ላይ እንደ ተላጠ፣ ማገሩ የት ላይ እንደ ተጋለጠ፣ ማእዘኑ በየትኛው ጎን እንደ ተሰነጠቀ እየዞረ ያያል። ከዚያ ጭቃ ይቦካል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ እስኪብላላም ጥቂት ቀን ይተዋል። ወንዱ ይመርጋል፤ ሴቷ በእበት ትለቀልቃለች፤ ሥራው ከበዛ ጎረቤት በደቦ ይጠራል። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም ስለሆነ ማንም እንደ ታላቅ ሥራ አይቆጥረውም። ሆኖም በውስጡ አንድ ያልተጻፈ ውል አለ፤ ቤት ሰውን ከዝናብ ይጠብቃል፤ ሰውም ቤትን ከዝናብ ይጠብቃል።

በዘመናችን ይህን ውል የሚሽር የሚመስል ነገር ከሳይንስ ቤተ ሙከራ ወጥቷል። ይኸውም ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ራሱ የሚደፍን አርማታ ነው። እንዲህ ያለው ግንብ ባለቤቱን አይጠራም፤ ጭቃ አቡኪ፣ ደቦ ጠባቂም አያሻውም። ዝናብ ሲመታው በዚያው በዝናቡ ይሽራል። እንግዲህ ቁስ አካል ራሱን መጠገን ከቻለ የሰው የመጠገን ግዴታ ወዴት ይሄዳል? ጨርሶ ይቀራልን? ወይስ ቦታውን ብቻ ይለውጣል? ጥያቄው ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም። ትምህርት ቤት የሚያሠራ አስተዳዳሪ፣ በዚያ ግድግዳ ሥር የሚያስተምር መምህር፣ ስለ ሰውና ስለ ሥራው የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ነገሩን ለመመርመር አስቀድሞ አርማታ ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውኃ ተቀላቅለው በፌሮ ላይ ሲፈስሱ የሚገኘው ጠጣር አካል መጨመቅን በብርቱ ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም። የመሳቡን ጉልበት የሚሸከመው ፌሮው ነው። ስለዚህ አርማታ ከቶ እንዳይሰነጠቅ ሆኖ አይነደፍም፤ የግንባታ ደንቦችም ይህን ስለሚያውቁ በብዙ ሁኔታ እስከ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ የሚደርስ ስንጥቅ ይፈቅዳሉ። አደጋው ከስንጥቁ መኖር ይልቅ በስንጥቁ በኩል ከሚገባው ነገር ይመጣል። ውኃና አየር ፌሮው ዘንድ ሲደርሱ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅም ከዓመታት በኋላ ምሰሶን የምትልጥ ቁስል ትሆናለች።

ለዚህ ችግር ማንኛውም ደህና አርማታ ከመጀመሪያው ትንሽ መድኃኒት በውስጡ ይዟል። ሲቦካ ከውኃ ጋር ሳይዋሐዱ የቀሩ የሲሚንቶ ቅንጣቶች አሉ። ስንጥቅ ተከፍቶ ውኃ ሲገባ እነዚህ ቅንጣቶች ያን ጊዜ ይዋሐዳሉ፤ ከሲሚንቶው የሚሟሟው ኖራም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ነጭ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚደፈነው ግን በጣም ጠባቡ፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ስንጥቅ ብቻ ነው። ይህንን አቅም ለማስፋት በኔዘርላንድስ የዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ የሆነው ሄንክ ዮንከርስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ዘዴ ያዘ። በአርማታው ውስጥ ባክቴሪያዎችንና ምግባቸው የሆነውን ካልሲየም ላክቴት አብሮ ቀላቀለ። ባክቴሪያዎቹ በደረቁ አርማታ ውስጥ ልክ በጎተራ እንዳለ ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይነቁ ይቆያሉ። ስንጥቅ ሲከፈትና ውኃ ሲደርሳቸው ይነሣሉ፤ ምግባቸውን ይበላሉ፤ የኖራ ድንጋይ ያወጣሉ። በጥቂት ሳምንታትም እስከ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ የሚሰፋ ስንጥቅ ሊዘጉ ችለዋል።

የዚህ ታሪክ ሥር ግን ከዴልፍት በጣም ይርቃል። የጥንት ሮማውያን ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ቀላቅለው የሠሯቸው ግድግዳዎችና የወደብ ግንቦች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቆመዋል። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የሆነውን የዘንገናን ሐይቅ በአጠገቡ ይዞ ለሚኖር የአዊ ሰው ከእሳት የተረፈ አፈር ባዕድ ነገር አይደለም። በሮማውያኑ ግንብ ውስጥ ትንንሽ ነጫጭ የኖራ ጓሎች ይታያሉ። ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ እነዚህን ጓሎች የግዴለሽነት ምልክት፣ በደንብ ያልተቦካ ውህድ ማስረጃ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ አድሚር ማሲችና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አሳዩ። ያልታሸ ትኩስ ኖራ በሙቀት ተቀላቅሎ ጓሎቹን ሲያስገኝ፣ ስንጥቅ በጓሎቹ በኩል ሲያልፍ ውኃው ኖራውን አሟሙቶ ስንጥቁን ይሞላዋል። በሙከራቸው ግማሽ ሚሊሜትር የተሰነጠቀው ናሙና በሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃ ማሳለፍ አቆመ፤ ትኩስ ኖራ ያልተደረገበት ናሙና ግን ውኃውን እንዳሳለፈ ቀረ።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም «ራሱን የሚጠግን» የሚለው አባባል ከእውነቱ ግማሹን ብቻ የሚናገር መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ወደ አርማታው በራሱ አልገባም፤ ምግቡንም በራሱ አልሰነቀም። ኖራውን ትኩሱን የቀላቀለው ሰው ነው። ግንቡ ዛሬ የሚያወጣው መድኃኒት ያን ቀን በሰው እጅ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ግንቡ ራሱን ጠገነ ሲባል የሚሆነው፣ ግንበኛው ከሄደ በኋላ፣ ምናልባትም ከሞተ በኋላ፣ ሥራው ሲቀጥል ነው። የመጠገን ግዴታ አልተሰረዘም። ከጥገናው ቀን ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ቀን፣ ውህዱ ወደሚቦካበት ሰዓት ተዛውሯል። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ቃል አለው፤ አደራ ይለዋል። አደራ ሰጪው በማይኖርበት ጊዜ የሚፈተን ግዴታ ነውና።

የዚህ ግዴታ ሌላው ገጽ ግን እጅግ መራራ ነው። ተራው አርማታ እንኳ የመሻር አቅም የሚኖረው ያልተዋሐደ ሲሚንቶ በውስጡ ሲተርፍ መሆኑ ከላይ ተነግሯል። እንግዲህ አንድ ሰው ለትምህርት ቤት ምሰሶ ከመጣው ሲሚንቶ አንዱን ከረጢት ወደ ጎን ቢያደርግ፣ ጉድለቱንም በአሸዋና በውኃ ቢሸፍነው፣ የሰረቀው ምንድን ነው? የሲሚንቶውን ዋጋ ሰርቋል፤ የምሰሶውን ብርታት ሰርቋል፤ ከዚህም በላይ ምሰሶው ወደፊት ሲቆስል የሚሽርበትን መድኃኒት ሰርቋል። የተሰረቀችው ያልተወለደችው ተማሪ ናት። ሕግ የመጀመሪያውን ስርቆት በሚዛን ሊይዘው ይችላል፤ የመጨረሻውን ግን የሚይዘው ኅሊና ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የተበዳዩና የበዳዩ ዕድሜ አይገናኝምና።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊናቅም አይገባውም። «ኅሊና የምትሉት ነገር በሁሉም ዘንድ እኩል አይገኝም» ይላል ተቃዋሚው። «የሕፃን ሕይወት በአንድ ሰው መልካም ጠባይ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ድልድይ ከተሠራ በኋላ የጥገና በጀት የሚዘነጋበት፣ ጠጋኙ ባለሙያ ከወረዳው ርቆ የሚኖርበት አገር፣ ጥገና የማይጠይቅ ቁስ ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈልገዋል። ምርጊት ክቡር ሥራ ነው የሚለው፣ በየዓመቱ እጁ በእበትና በጭቃ የማይነካ ሰው ነው።» ይህ ንግግር እውነት አለበት። የጭቃውን ሥራ በግጥም ማወደስ ቀላል ነው፤ ከሥራው ግማሹ የወደቀባት ሴት ግን ዕረፍትን ከውዳሴው ብትመርጥ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ድካምን የሚቀንስ ብልሃት ሁሉ በመሠረቱ በጎ ነው፤ የባክቴሪያው አርማታ ዋጋም ከተራው በጣም የሚበልጥ ባይሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ በቻለ ነበር።

ሆኖም ክርክሩ አያበቃም፤ የሚያራዝመውም የዋጋው ነገር ብቻ አይደለም። ራሱን የሚጠግነው ቁስ ሦስት ወሰኖች አሉት፤ ሦስቱም ወደ ሰው የሚመልሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ወሰን ስፋት ነው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች ያለውን ስንጥቅ መድኃኒቱ ይደርስበታል፤ ከዚያ የሰፋውን አይደርስበትም። ስለዚህ ብልሃቱ ሁሉ ስንጥቅ እንዳይሰፋ መያዝ ላይ ነው። በዛሬው ጊዜ ይህን ለማድረግ ቀጫጭን ክሮች በአርማታው ውስጥ ይበተናሉ፤ አንዱ ሰፊ ስንጥቅ በብዙ ጠባብ ስንጥቆች እንዲተካ ያደርጋሉ፤ ጠባቡም ለመሻር ይመቻል። የአዊ ገበሬ ጭቃው ላይ ጭድ ሲነሰንስ የሚያደርገው ከዚሁ ጋር አንድ ዘር ነው። ጭድ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይበጣጠስ ያስተሳስረዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውም ተረት ይህንኑ የጊዜና የመጠን ሕግ ይናገራል። ገና በጠባብነቱ የተያዘ ጥፋት በትንሽ ነገር ይሽራል፤ የሰፋው ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ወሰን መገለጥ ነው። ባክቴሪያው የሚነቃው ውኃ ሲደርሰው ነው፤ ውኃም የሚደርሰው ስንጥቁ ክፍት ሲሆን ነው። ግንቡን የሚያፈርሰውና ግንቡን የሚያድነው ያው አንዱ ውኃ ነው፤ ልዩነቱ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ነው። አሁን አንድ ኃላፊ ጎብኚ ሊመጣ ነው ተብሎ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በልስንና በቀለም ቢሸፍነው፣ ስንጥቁን ከዓይን አራቀው እንጂ አልጠገነውም፤ ይልቁንም ሊያይና ሊጠግን የሚችለውን ሰው ሁሉ አሳውሮታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለሥጋ ብቻ አይደለም። በስብሰባ ላይ ጉድለት ሲነሣ «ይህ ለጊዜው አይነገር» የሚል ሰብሳቢ፣ የተማሪውን ድክመት በውጤት ወረቀት ላይ የሚያለሰልስ መምህር፣ የዘመኑን ቁስል ትቶ አበባውን ብቻ የሚሥል ሠዓሊ፣ ሦስቱም በደረቅ ስንጥቅ ላይ ቀለም የሚቀቡ ናቸው። ቅን አስተሳሰብ ሊኖራቸው ይችላል። ግን ውኃው ወደ መድኃኒቱ እንዳይደርስ አግደዋል።

ሦስተኛው ወሰን ምክንያት ነው። መሐንዲሶች የሞተ ስንጥቅና ሕያው ስንጥቅ ብለው ይለያሉ። የሞተው አንድ ጊዜ ተከፍቶ በዚያው የቆመ ነው፤ ሕያው የሚባለው መሠረቱ ስለሚንቀሳቀስ በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚኮማተር ጥቁር አፈር ላይ በቂ መሠረት ሳይወጣለት የቆመ ቤት የኋለኛው ዓይነት ስንጥቅ ይኖረዋል። ይህን ለመለየት ባለሙያው በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጂፕሰም አሻግሮ ይለጥፋል፤ ቀኑንም ይጽፍበታል፤ ከወራት በኋላ ጂፕሰሙ ተሰንጥቆ ከተገኘ ቤቱ ገና እየሄደ ነው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ የትኛውም ኖራ፣ የትኛውም ባክቴሪያ አይፈውሰውም፤ ዛሬ የደፈነውን ነገ አፈሩ ይከፍተዋልና። ቁስ አካል መድፈን ያውቃል፤ «ለምን ተሰነጠቀ?» ብሎ መጠየቅ ግን አያውቅም። መጠየቅ የሰው ነው።

የሰው ብቻ የሆነውን የዚህን ጥያቄ ክብደት ለማየት ከአዊ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ይበቃል። ጎጃምንና ጎንደርን በሚያገናኘው መሻገሪያ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ አለ። ስሙ ሰባራ ድልድይ ነው። የሰበረው ጎርፍ ወይም እርጅና አልነበረም፤ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገር ሰው አስቦበት ሰበረው። ነፃነት ከተመለሰ በኋላም መካከሉ ተቆርጦ ለ60 ዓመታት ያህል ቆየ። መሻገር የሚፈልግ መንገደኛ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ ማዶ የቆሙ ጉልበተኞች እየጎተቱት በጥልቁ ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት ያን ጥገና ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ይህ ድልድይ ራሱን በሚጠግን ድንጋይ ተሠርቶ ቢሆን፣ የመድኃኒቱም አቅም ያን ሰፊ ክፍተት መሙላት ቢችል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ድንጋዩ ያለ ፈቃድ ሲሽር ለወራሪው መንገድ ይከፍት ነበር። ድንጋይ ወዳጅን ከጠላት አይለይም። መቼ መሰበር፣ መቼ መጠገን እንደሚገባ የሚወስነው ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በበቂ ምክንያት የተሰበረው ነገር ምክንያቱ ካለፈ በኋላ 60 ዓመት ሳይጠገን መቆየቱም የሰው ውሳኔ ነው፤ ወይም አለመወሰን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የድልድዩን ቁስል የያዙት እነዚያ ገመድ ጎታቾች ነበሩ። ጀግንነታቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን የጥቂቶች ብርታት የሁሉንም ቸልተኝነት ለረዥም ጊዜ ሊሸፍን እንደሚችልም ታሪኩ ያስተምራል። ስለዚህ ጠንካሮችን ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ጥንካሬያቸው ለምን እንዳስፈለገም መጠየቅ ይገባል።

በዚያው በዓባይ ላይ፣ በታችኛው ሸለቆ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ወደ ጉባ ከሚያመሩት መንገዶች አንዱ እንጅባራ ላይ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል የሚወርደው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 1,780 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዋናው ግድግዳ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርማታ ፈስሶበታል። እንዲህ ያለ ግድብ ሲሠራ በሆዱ ውስጥ ሰው የሚመላለስባቸው መተላለፊያዎች ይተዋሉ። በእነርሱ ውስጥ ባለሙያዎች እየዞሩ ሰርጎ የሚገባውን ውኃ ይለካሉ፤ መሣሪያዎችን ያነባሉ፤ የትናንቱን ቁጥር ከዛሬው ያስተያያሉ። ይህ የሚደረገው ግድብ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ከሁሉ የጠነከረው ግንብ እንኳ የሰውን ዓይን በውስጡ ይዞ እንዲቆም ስለሚታነጽ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ራሱን የሚጠግን ግንብ የሰውን ግዴታ አላስቀረም። ከጭቃ ማቡካት ነፃ አወጣው፤ በምትኩም ሦስት ነገር ጠየቀው፤ ውህዱን ሲያቦካ የማያየውን ቀን እንዲያስብ፣ ስንጥቁን እንዳይደብቅ፣ ከተደፈነው በስተ ጀርባ ምክንያቱን እንዲፈልግ። የቀድሞው ግዴታ በየዓመቱ ስለሚመለስ የዘንድሮን ስንፍና በሚቀጥለው ዓመት ምርጊት መካስ ይቻል ነበር። አዲሱ ግዴታ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ባክቴሪያ ያልተቀላቀለበት አርማታ ከደረቀ በኋላ ንስሐ አይቀበልም። ስለዚህ ቁሱ በተራቀቀ ቁጥር የሠሪው ታማኝነት ይበልጥ ይፈለጋል እንጂ አያንስም።

ይህን አዲስ አርማታ ገና በሙከራ ቤት ወሬ ብቻ ለሚያውቀው አገርም ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አዲስ ምሰሶ በተሞላ ማግስት የሚደረግ አንድ ሥራ አለ። አንዲት የቀን ሠራተኛ ከበርሜል ውኃ በባልዲ እየቀዳች በጆንያ የተጠቀለለውን አርማታ ታጠጣለች። ሲሚንቶው ጉልበቱን የሚያወጣው በዚህ ውኃ ነው፤ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይቋረጥ መጠጣት አለበት። ስድስተኛው ቀን እሑድ ቢውል፣ ኃላፊው ባይኖር፣ ማንም ባይቆጣጠር፣ ምሰሶው በማግስቱ ሲታይ የጠጣውና ያልጠጣው አንድ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ከብዙ ክረምት በኋላ፣ ክፍሉ በልጆች በተሞላበት ቀን ነው። ያቺ ሴት ያን እሑድ ባልዲዋን ይዛ ከመጣች ግንቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠብቀው ሰው አግኝቷል። እርሷ እንድትመጣ ግን የእሑዱ ደመወዟ መታሰብ አለበት፤ ይህም የአሠሪው አደራ ነው።